የአከርካሪያችን ጣራ

አንባቢዎች ሆይ፥ ለበዓል በግ ሲታረድ የጀርባውን አጥንት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁን? በቀዳዳው ውስጥ ነጭ ገመድ የመሰለ ነገር ይገኛል፤ ኅብለ ሠረሠር ይባላል። እኔ ይህን ትምህርት የተረዳሁት ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ከዚያ አጥንት ነው።

የሰውም አከርካሪ አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአንጓው ፊት ለፊት ክብደት የሚሸከም ወፍራም አጥንት አለ። ከኋላ ደግሞ ሁለት ስስ የአጥንት ገበታዎች ከቀኝና ከግራ መጥተው እንደ ጣራ ይጋጠማሉ፤ ኅብለ ሠረሠሩን የሚከድኑት እነርሱ ናቸው። ስማቸው ላሚና ነው። ጀርባችንን ስንዳስስ በጣታችን የሚሰማን ጕብታ ከመጋጠሚያቸው ላይ የበቀለ ነው። ከላሚና ወደ ላሚና ቢጫ ጅማት ተዘርግቷል፤ ጐንበስ ስንል ይለጠጣል፥ ቀና ስንል ይሰበሰባል።

ዳሩ ግን ጣራው ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፅንሱ 28 ቀን ገደማ ሲሆነው የነርቩ ቧንቧ ተዘግቶ ማለቅ ይገባዋል። በጀርባ በኩል ካልተዘጋ ላሚናዎቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ የሕፃኑም እግሮች ሊሽመደመዱ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ሐኪሞች ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እንዲወሰድ የሚመክሩት፥ ይህን ጉዳት ስለሚቀንስ ነው።