የምድር መናወጥና የጥንት እንስሳት ዕጣ

ከለገጣፎ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የየረር ተራራ ይታየዋል። ዛሬ ጸጥ ያለው ይህ ተራራ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳት ይተፋ እንደ ነበር በተማርሁ ጊዜ፣ «ምድር ስትናወጥ በላይዋ የሚኖሩት ፍጥረታት ምን ይሆኑ ነበር?» የሚል ጥያቄ አደረብኝ። መልሱ ከአገራችን ምድር የሚገኝ ስለ ሆነ ለተማሪ ጓደኞቼ ባጭሩ ላቀርበው ወደድሁ።

ከየረር እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የሰሜኑ አገራችን ምድር ተሰንጥቆ የቀለጠ ዐለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። እየበረደ አንዱ ባንዱ ላይ ስለ ተነባበረም ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ደረሰ።

ሆኖም ሕይወት ጨርሶ አልጠፋም። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ቅሪተ አካሎች መገኘታቸው በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል። ከነዚህም መካከል የጥንት የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለ ግዙፍ እንስሳ ይገኛሉ። ይህ እንስሳ ባፍንጫው ላይ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ስለ ነበሩት አውራሪስ ይመስላል፤ ዝምድናው ግን ከዝሆን ወገን ነው።

በዚያ ዘመን አፍሪካና ዐረብ አንድ ምድር ሆነው ከእስያ በባሕር ተለይተው ነበር። ከ24 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ይህ ምድር ወደ ሰሜን እየተገፋ ከእስያ ጋር ስለ ተጋጠመ የየብስ መንገድ ተከፈተ። በዚያም የአውራሪስና የከብት ወገኖች ቀስ በቀስ ወደ አፍሪካ ገቡ፤ የዝሆን ወገኖችም ወደ እስያና ወደ አውሮፓ ወጡ። አርሲኖይቴሪየም ግን ዘሩ ጠፋ።

ኋላም ስምጥ ሸለቆ ሲከፈትና ምሥራቅ አፍሪካ እየደረቀ ሲሄድ ደኑ ሳሳ፣ ሣሩ በዛ። የረር እሳት ይተፋ በነበረበት ዘመን ገደማ፣ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር።

የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው አንዱ ዐይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ ዘመኑ ይቆጠራል። እንግዲህ ያጠፋው እሳት የዘመን መቁጠሪያም ትቶልናል ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በቆላም ሆነ በደጋ አጥንት የመሰለ ድንጋይ ብታዩ ከቦታው አታንሡት፤ ለመምህራችሁ ንገሩ። ዕድሜውን የሚመሰክርለት የተኛበት አፈር ነውና፣ ከአፈሩ የተለየ አጥንት ምስክሩን አጥቷል።