ያጠብኩ መስሎኝ ያበላሸሁት ቸርኬ
(ስለ ተወለወለ የአሉሚኒየም ቸርኬ አስተጣጠብና እንክብካቤ)

መግቢያ

የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በዚህ ቡለቲን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ነው። እኔ ግን ስለ ቸርኬ አጠባ ልጽፍ ነው። "ይኼም ትምህርት ሆኖ!" የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። በደንብ የተማርኩት ግን ከስህተቴ ስለሆነ እሱኑ ላካፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሁድ ላቫጆ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ደንበኛችን መኪናቸውን ይዘው መጡ። ቸርኬዎቹን ልጃቸው ከአሜሪካ ነው የላከላቸው። እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ፣ የተወለወሉ አሉሚኒየም ነበሩ። የፊተኞቹ ላይ ጥቁር የፍሬን ትቢያ ተጋግሮ በሳሙና አልለቅ አለኝ። ወረፋ ስለነበረ ቸኩያለሁ። ሞተር የምናጥብበት ኮስቲክ ሶዳ በጄሪካን ተበጥብጦ ተቀምጦ ነበርና ከሱ አንዱ ቸርኬ ላይ ረጨሁበት። ወዲያው ነጭ አረፋ ኩፍ አለ። "ይኸው ቆሻሻው ለቀቀ!" ብዬ ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት። በውሃ ሳለቀልቀው ግን መስታወቱ የለም። የቀረው አመድ የመሰለ፣ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁር ግራጫ ብረት ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩትና "ልጄ፣ ስለ መኪና ነው የምማረው አላልከኝም እንዴ?" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየ መልሴ ነው።

1. አረፋው ምን ነበር?

አሉሚኒየም በባሕርዩ ከኦክስጅን ጋር በጣም የሚዋደድ ብረት ነው። ለዚህም ነው ከማዕድኑ ለይቶ በርካሽ ማውጣት የተቻለው ዘግይቶ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ለየብቻቸው በኤሌክትሪክ የማውጣት ዘዴ ካገኙ በኋላ ነው። አዲስ የተፋቀ አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያውኑ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሚሊዮን ናኖ ሜትር መሆኑን ልብ በሉ። የተራ ብረት ዝገት እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ከሥሩ ያለውን ያጋልጠዋል። የአሉሚኒየም ልባስ ግን ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ቢጫርም መልሶ ይሠራል። አሉሚኒየም እንደ ተራ ብረት የማይዝገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልባስ ግን ድክመት አለው። ፒኤች ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ባለው ውስጥ ይጸናል። ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አልካሊ ያሟሟዋል። ኮስቲክ ሶዳ ኃይለኛ አልካሊ ነው። መጀመሪያ ልባሱን ያሟሟል፤ ከዚያ ራቁቱን የቀረው አሉሚኒየም ከውሃውና ከሶዳው ጋር ሲዋሐድ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ያ የተደሰትኩበት አረፋ ቆሻሻ አልነበረም። ቸርኬው ራሱ ነበር እየሟሟ የነበረው። ጣቴን ያጠቆረው ደግሞ የተለመደው የቸርኬ ቅይጥ 7 በመቶ ገደማ ሲሊከን ስላለው፣ አሉሚኒየሙ ሲበላ ሲሊከኑና ሌሎች ያልሟሙ ነገሮች ላዩ ላይ ስለሚቀሩ ነው።

እቤታችን ያለውን ድስት አስታውሱ። እናቶቻችን የአሉሚኒየም ድስት በአመድና በአሸዋ ሲፈትጉ ያብረቀርቃል፤ አመድም አልካሊ ነው። ድስቱ ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተፋቀ ነው። ለድስት ብዙም አያሳስብ ይሆናል፤ መስታወት ለመሰለ ቸርኬ ግን አይሆንም።

2. የፍሬን ትቢያ ለምን ይጣበቃል?

ፍሬን ስንይዝ የፍሬን ሸራውም ዲስኩም ይፈገፈጋል። የሚወጣው ትቢያ ውስጥ ብዙ የብረት ብናኝ አለ፤ ሲወጣም ትኩስ ነው። የፊት ፍሬን አብዛኛውን ሥራ ስለሚሠራ የፊት ቸርኬ ይበልጥ ይጠቁራል። ብናኙ እርጥበት ሲያገኝ እላዩ ላይ ይዝጋል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙም እንደ ትንሽ ባትሪ ስለሚሆኑ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቶሎ ከታጠበ ሳሙና ይበቃዋል። ወር ከቆየ ግን እንደኔ ያለውን ሰው ጄሪካን ያስነሳዋል።

ሌላው ጠላት ጨው ነው። እኛ አገር እንደ አውሮፓና አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ነገር ግን ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ ወይም ከአፍዴራ ጨው የሚጭን መኪና አለን። የጨው ክሎራይድ ልባሱን በነጥብ በነጥብ እየበሳ ጉድጓድ ይፈጥራል። እንዲህ ያለ መኪና እንደተመለሰ ቸርኬው ከውስጥም ከውጭም በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ከንፈር በነጭ ዱቄት ከተበላ አየር ቀስ እያለ ይወጣል። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ቢፈልግ አያገኝም፤ ችግሩ ያለው ቸርኬው ላይ ነዋ።

3. መጀመሪያ ቸርኬውን እወቅ

ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ላያቸው ላይ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ቀለም አለባቸው። የተወለወለው ግን ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። በነጭ ጨርቅ ጫፍ ትንሽ የብረት መወልወያ አድርጋችሁ በማይታይ ቦታ፣ አስቀድሞ ታጥቦ በደረቀ ቸርኬ ላይ እሹት። ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረ ራቁት ብረት ነው። ካልጠቆረ ሽፋን አለውና ተዉት፤ መወልወያው ሽፋኑን ይጭረዋል። ሽፋን ላለው ቸርኬ የመኪና ሳሙናና ሰም ይበቃዋል።

4. አስተጣጠብ

ሀ. ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ትኩስ ብረት ላይ ሳሙና ቶሎ ይደርቃል፣ ኬሚካልም ኃይሉ ይጨምራል። ጥላ ውስጥ፣ አንድ በአንድ እጠቡ።

ለ. በቅድሚያ በብዙ ውሃ ልቀቁት። አሸዋው ሳይወርድ ስፖንጅ ማሳረፍ ማለት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ማለት ነው።

ሐ. ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ የመኪና ሻምፖ ተጠቀሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልካሊ ነው። በረኪና አልካሊም ክሎራይድም ስላለው ከሁሉ የባሰ ነው።

መ. የቸርኬ ስፖንጅና ባልዲ ለብቻው ይሁን። ለቸርኬ የነካ ስፖንጅ ቦዲ ከነካ የብረት ብናኙ ቀለሙን ይጭራል። የድስት ሽቦ ፈጽሞ አይነካም።

ሠ. ታጥቦ እንዳለቀ በጨርቅ አድርቁት። በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ "የቸርኬ አሲድ" የሚባሉ ማጽጃዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አላቸው። ይህ አሲድ ቆዳን አልፎ ይገባና በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይዋሐዳል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ሰው ይዘናጋል። ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥባችሁ፣ ሕመም ሳትጠብቁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሐኪሙ ስሙን ካወቀ ካልሲየም ግሉኮኔት ይሰጣል። ስሙ ያልተጻፈበት ኬሚካል ባይነካ ይመረጣል።

5. መወልወልና መጠበቅ

ራቁት ቸርኬ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የአሉሚኒየም መወልወያ በትንሹ በጥጥ ጨርቅ (ያረጀ ካናቴራም ይሆናል) እየተቀባ፣ እጅ የሚያህል ቦታ ብቻ ይታሻል። ጨርቁ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ ይጠረጋል። መወልወል ግን መፋቅ መሆኑን አትርሱ፤ በየሳምንቱ አይደለም፣ ሲደበዝዝ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ሰም መቀባት ነው። ሰም ትቢያው ብረቱን እንዳይነካ ስለሚከላከል በሚቀጥለው ጊዜ ውሃና ሻምፖ ብቻ ይበቃል። "ማር የሞላበት አገር ስለሆንን የንብ ሰም ለምን አንቀባም?" ብዬ ሞክሬ ነበር። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ፍሬን የሚያሞቀው ቸርኬ ላይ ተለስልሶ ትቢያ ይይዛል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ይሻላል። ሰው ሠራሽ ማሸጊያዎች ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ይቆያሉ።

ማጠቃለያ

የጋሼን ቸርኬ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ መለስኩት። በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 800 ጀምሬ በ1000፣ በ1500ና በ2000 አሸሁት፤ ከዚያ ወለወልኩት። ፊት ያሳያል፤ ግን ብሎኖቹ አጠገብ የቀሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ እነሱን ማጥፋት አልቻልኩም። ጋሼም አይተዋቸዋል፤ ምንም አላሉም። አሁንም መኪናቸውን ለኔ ነው የሚሰጡኝ።

ጄሪካኑ ላይ ደግሞ በትልቁ "ኮስቲክ ሶዳ፤ አሉሚኒየም አይነካም" ብዬ ጽፌበታለሁ። ከኔ በኋላ የሚመጣ ልጅ በአረፋ እንዳይደሰት ነው። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ በሻምፖ ማጠብ ሁለት ቅዳሜ ከመፋቅ ያድናል፤ አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት እንዲህ ላለው ነው።