ቆሻሻው የሚወርድበት ሰው ተጠይቋልን?
ስለ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ ክለሳና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የቀረበ ትምህርት



ቤታችንን ጠርገን ያጠራቀምነውን ቆሻሻ ከደጃችን ካወጣን በኋላ ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ቆሻሻው ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልጠፋም። ከእኛ ደጅ የተነሣው በገንዳ ተጠራቅሞ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ከአንድ ስፍራ ይወርዳል፤ በዚያም ስፍራ አጠገብ የሚኖር፣ ከብት የሚያሰማራ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው አለ። ስለዚህ ስለ ቆሻሻ የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ፣ በግልጽ ቢነገርም ባይነገርም፣ «በማን ደጅ ይውረድ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው እንዲህ ያለው ዕቅድ ሲወጣና ሲከለስ ሕዝቡ ለምን፣ መቼና እንዴት መሳተፍ እንደሚገባው ነው።

1. ዕቅዱ ምንድን ነው? ስለ ምንስ ይከለሳል?

አንድ ከተማ ወይም ክልል የሚያወጣው የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ በመሠረቱ አምስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ በየቀኑ ምን ያህልና ምን ዓይነት ቆሻሻ ይወጣል? ማን ይሰበስበዋል? ከውስጡ የትኛው መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል? የቀረው የት ይወገዳል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ግን እንደ ወጣ አይኖርም። ከተማ ያድጋል፤ የሚጣለውም ነገር ይለወጣል። ቀድሞ በዘንቢልና በወረቀት ይያዝ የነበረው ዕቃ ዛሬ በፌስታል ይያዛል፤ ቀድሞ ከከተማ ውጭ የነበረው መጣያ ዛሬ በመንደር መካከል ይገኛል። ስለዚህ ዕቅዱ በየጊዜው መከለስ ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቆሻሻ መመሪያ አባል አገሮች ዕቅዶቻቸውን ቢያንስ በየ6 ዓመቱ እንዲመረምሩና እንደ አስፈላጊነቱ እንዲያሻሽሉ፣ በዝግጅቱም ሕዝቡ የመሳተፍ ዕድል እንዲኖረው ደንግጓል። ከዚህም ቀደም ሲል በ1998 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ የተፈረመው ስምምነት፣ ሕዝቡ ስለ አካባቢው መረጃ የማግኘት፣ በውሳኔ የመሳተፍና ለፍርድ አካል አቤት የማለት መብት እንዲኖረው አድርጓል። ተሳትፎውም ገና አማራጮች ሁሉ ክፍት ሳሉ መጀመር እንዳለበት ይኸው ስምምነት ያዛል።

ይህ የአውሮፓውያን ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር የአገራችንን ሕግ ይመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት፣ በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅን መብት፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ እርሱን በሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ሥራ ላይ ሙሉ ምክክር የማድረግን መብት አስፍሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲነድፉና ሲፈጽሙ ዝቅተኛዎቹን የአስተዳደር እርከኖችና የየአካባቢውን ነዋሪዎች እንዲያሳትፉ ይደነግግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ ችግራችን የድንጋጌ እጥረት አይደለም ማለት ነው።

2. ከሰንዳፋና ከቆሼ የምንማረው

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ ስታፈስ የኖረችው ረጲ በሚባለው ሰፈር፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ብሎ በሰየመው ስፍራ ነው። በመጀመሪያ ከከተማው ዳር የነበረው ይህ 36 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት፣ ከተማው እየሰፋ በመሄዱ በመንደሮች ተከበበ፤ ክምሩም እንደ ተራራ ከፍ አለ። በላዩ ብረት፣ ፕላስቲክና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ይውሉበት ነበር፤ በግርጌውም ድኾች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር።

ይህን ስፍራ ለመተካት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኦሮሚያ ክልል በሰንዳፋ አቅራቢያ፣ ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት በተገኘ ድጋፍ ጭምር አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ መልካም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን የአካባቢው ገበሬዎች አቤቱታ አሰሙ። ስለ ነገሩ በሚገባ አልተማከርንም፤ ካሣው አይበቃም፤ ሽታው አላስቀምጥ አለን፤ ፍሳሹም ውኃችንን በክሎ ከብቶቻችንን ጎዳ አሉ። ጊዜውም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት የተሰረዘበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ከከተማው የሚመጣ ዕቅድ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። አዲሱ ማስወገጃ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በዚያው ክረምት ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤትም የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ለመናዱ ምክንያት ልዩ ልዩ ነገር ተነግሯል፤ እኛም አደጋውን በአንድ ምክንያት ብቻ ልናሳብበው አይገባንም። ነገር ግን የሁለቱን ስፍራዎች ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ አንድ እውነት ጐልቶ ይታያል። የሰንዳፋ ገበሬ አቤቱታ የተሰማው መሬቱ ከተቆፈረ፣ ገንዘቡ ከወጣ፣ መኪናው ከመጣ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ። ያን ጊዜ የቀረው ምርጫ መክፈት ወይም መዝጋት ብቻ ነበር፤ ሲዘጋም ሸክሙ የወደቀው ከሁሉ ይልቅ አቅም በሌላቸው ላይ ነው። በጊዜው ያልተሰማ ድምፅ ሸክሙን ከአንዱ ድኻ ትከሻ አንሥቶ በሌላው ድኻ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው።

3. ተሳትፎ ማለት ምን ማለት ነው?

ሕዝብን ሰብስቦ ንግግር ማሰማት፣ አበል ከፍሎ የስም ዝርዝር ማስፈረም፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ብሎ መጻፍ፣ ይህ ሁሉ ተሳትፎ ተብሎ ሲጠራ እንሰማለን። አሜሪካዊቷ ሸሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ተሳትፎን 8 እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። በታችኞቹ እርከኖች ላይ ሕዝቡ ይባበላል እንጂ አይሳተፍም። በመካከለኞቹ ይነገረዋል፣ ይጠየቃል፤ ነገር ግን የተናገረው ይፈጸም ዘንድ ምንም ዋስትና የለውም። በላይኞቹ እርከኖች ግን ከባለሥልጣኑ ጋር በውሳኔው ይካፈላል።

ይህ መሰላል ለእኛ መመዘኛ ሊሆነን ይችላል። አንድ ስብሰባ ስንጠራ፦ ልናዳምጥ ነው ወይስ ልንጠየቅ? ከተጠየቅንስ በኋላ የተናገርነው የት ይደርሳል? ብለን እንመርምር። በእውነት የተጠየቀ ሕዝብ ከሦስት ነገሮች ይታወቃል፦ ገና ስፍራው ሳይመረጥ ተጠርቷል፤ ሰነዱን በሚሰማው ቋንቋና በሚገባው አነጋገር አግኝቷል፤ ከሰጠው ሐሳብ የትኛው እንደ ተወሰደና የትኛው እንደ ቀረ፣ ስለ ምን እንደ ቀረም፣ በጽሑፍ መልስ ተሰጥቶታል።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያንም እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናገኘው፣ በዕለት ዕለቱ ምግብ እደላ መበለቶቻቸው የተዘነጉባቸው ወገኖች ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ምእመናኑን ሁሉ ጠርተው ኃላፊዎቹን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ እንጂ አቤቱታውን እንደ ነውር አልቈጠሩትም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክት፣ አካባቢን የሚነካ ሥራ ሲታሰብ የዚያ ስፍራ ነዋሪዎች በውይይቱ ላይ የተለየ ቦታ ሊሰጣቸው እንደሚገባ አስተምረዋል።

4. «ሕዝቡ ምን ያውቃል?» ለሚሉት

አንዳንዶች፣ «ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ሕዝብ ቢጠየቅ ከደጄ አርቁልኝ ከማለት በቀር ምን ይናገራል?» ይላሉ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። መሬት ሲፈተሽ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ጥልቀት ሲለካ፣ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ ሲነጠፍ ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል። ሁሉም «ከእኔ ደጅ አርቁልኝ» ካለ ደግሞ ቆሻሻው የትም መድረሻ አይኖረውም።

ነገር ግን ባለሙያው ብቻውን የማያገኘው ዕውቀት አለ። በክረምት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በገንዳው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት እናቶች፣ የቤት ሠራተኞችና ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ናቸው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ የተመረቀው ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። የከተማው ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይነድም። የሚበሰብሰው ከየቤቱ ሳይቀላቀል ተለይቶ ቢወጣ፣ እርሱ ለማዳበሪያ፣ ደረቁም ለሌላ ጥቅም ይውላል። ስለዚህ እጅግ ውድ የሆነው መሣሪያ እንኳ መልካም ሥራ ይሠራ ዘንድ ከየጓዳው የሚጀምር ትብብር ያስፈልገዋል።

ቆራሌውንም አንርሳ። በየመንደሩ እየዞረ ብረት፣ ጠርሙስና ጀሪካን የሚገዛው ሰው፣ ልዋጭ የሚያዞረውና ከመጣያ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅመውም ጭምር፣ ማንም ሳያዝዛቸው ቆሻሻን መልሶ ጥቅም ላይ ሲያውሉ የኖሩ ናቸው። ዕቅዱ እነርሱን ሳይጠይቅ ቢከለስ ከተማው ያለ ክፍያ ሲያገኝ የኖረውን አገልግሎት ያጣል፤ እነርሱም እንጀራቸውን ያጣሉ።

«ከደጄ አርቁልኝ» ለሚለውም መድኃኒቱ ሰውን አለመጠየቅ አይደለም። ሁሉም በአንድነት ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ሰፈር የሚያወጣውን ቆሻሻ መጠን ሲያይና የሚቀንስበትን መንገድ ሲፈልግ፣ ማስወገጃውን የሚሸከመው ወገንም ምን ጥበቃና ምን ካሣ እንደሚገባው ሲነጋገር፣ ሸክሙ ሊከፋፈል ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

5. በየቁምስናችን ምን ማድረግ እንችላለን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የቁምስና ሽማግሌዎች ከዕድሮችና ከሌሎች እምነት ተከታዮች ጋር ተባብረው የሚከተለውን ሊፈጽሙ ይችላሉ።

ሀ) ማወቅ፦ በወረዳው ወይም በከተማው ያለው የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ መቼ እንደ ወጣ፣ መቼ እንደሚከለስ በጽሑፍ መጠየቅ፤ ሰነዱ ሲገኝም በአጭሩ ተጽፎ ለሕዝብ እንዲነበብ ማድረግ።

ለ) መቍጠር፦ ጥቂት ቤተ ሰቦች ለአንድ ሳምንት የሚጥሉትን የሚበሰብስ፣ ፕላስቲክ፣ አመድና ሌላ እያሉ ለይተው እንዲመዝኑ ማድረግ። በቍጥር የተደገፈ ቃል ከእሮሮ ይልቅ ይሰማል።

ሐ) የቀሩትን መጥራት፦ በስብሰባ ላይ የሌለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ። ቀን የሚሠሩት በሥራ ቀን፣ ነጋዴዎች በገበያ ቀን ሊመጡ አይችሉም፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎችና ለቃሚዎች ካልተጋበዙ አይመጡም፤ ከወንዙ በታች የሚኖሩት ወሬውንም አይሰሙም።

መ) መጻፍና መከታተል፦ የተነገረውን በቃለ ጉባኤ ይዞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስገባት፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን መጠየቅ፣ መልሱንም ለሕዝቡ ማንበብ።

ሠ) የራስን ድርሻ መፈጸም፦ በየቤታችንና በየቅጥራችን እርጥቡን ከደረቁ መለየት፣ በቦይና በወንዝ ውስጥ አለመጣል፣ የአገልግሎቱን ክፍያ መክፈል። ግዴታውን የሚፈጽም ሰው መብቱን ሲጠይቅ ቃሉ ክብደት ይኖረዋል።

6. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ በመጨረሻ የሚወርደው የት ነው? በዚያ የሚኖሩትስ እነማን ናቸው?

በአካባቢያችን እስከ ዛሬ ከተደረጉት ስብሰባዎች በመሰላሉ ላይ የትኛው እርከን ላይ የሚቀመጡት ይበዛሉ?

የቆሻሻ ማስወገጃ ስፍራ በእኛ መንደር አጠገብ እንዲሆን ቢታሰብ፣ ልንቀበለው የምንችለው በምን በምን ሁኔታ ነው? ይህንኑ ሁኔታ ዛሬ ለሚሸከሙልን ሰዎች ጠይቀንላቸዋልን?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቸኩለን የምንመልሰው አይደለም። በቆሼ ግርጌ ይኖሩ የነበሩት በዚያ ቅዳሜ ማታ ከልጆቻቸው ጋር በቤታቸው ነበሩ፤ በላያቸው የተናደውም የእያንዳንዳችን ደጅ ጥራጊ ነበር።