ምዕራፍ 7፦ አዲሱ ሰው የት ይቁም?

ሰፈር የቀየረ ሰው ታክሲ መያዣውን በአንድ ጠዋት ያውቀዋል፤ ሱቁንና ወፍጮ ቤቱንም በሳምንት ውስጥ። አጥቢያውን ለመልመድ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የገባ ምእመን እሑድ በአቅራቢያው ያስቀድሳል፣ ጸበሉን ይጠጣል፣ ይወጣል። ለክብረ በዓል ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ወደ ጥንት ደብሩ ይመለሳል። የንስሐ አባቱም እዚያው ናቸው። ልጅ ሲወለድለት የሚያስጠምቀው እዚያ ነው፤ ዘመድ ሲሞትበትም የሚቀብረው እዚያ። እንዲህ ሆኖ ስድስት ሰባት ዓመት የከረመ ሰው ብዙ ነው።

የቀድሞ አጥቢያዎቻችን አዲስ ሰው መቀበልን እንደ ሥራ ይዘውት አያውቁም፤ አላስፈለጋቸውም። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ቄሱ ቤተሰቡን ከነአያቱ ያውቁታል፤ ሕፃኑ የማን ልጅ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ይናገራል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየአቅጣጫው የመጣውን ሕዝብ በአንድ ግቢ አሰፈሩት። የቤት ዕጣ ደግሞ የንስሐ አባትህ ማን ናቸው ብሎ አይጠይቅም።

አዲስ ሰውን በመቀበል ጉዳይ ከጥንቶቹ የሥርዓት መጻሕፍት ዲድስቅልያን የሚያህል ቁርጥ ያለ መምሪያ አላየሁም። መነሻው በሦስተኛው መቶ ዘመን ሶርያ አካባቢ የተጻፈ ነው። ከሌላ ጉባኤ የመጣ ምእመን ሲገባ ዲያቆኑ ሁኔታውን ጠይቆ የሚገባውን ስፍራ እንዲያሲዘው ያዛል። ባለጸጋ ሰው በስብከት መካከል ቢደርስ ኤጲስ ቆጶሱ ትምህርቱን አያቋርጥለትም፤ ወንድሞች ይቀበሉታል፣ ስፍራ ከጠበበም ከታናናሾቹ አንዱ ይነሣለታል። ድኻ ወይም አረጋዊ መጥቶ ስፍራ ቢታጣ ግን ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ መሬት ላይ መቀመጥ ቢኖርበት እንኳ ስፍራ ያዘጋጅለት ይላል። በር ላይ ስለሚሰቀል የ«እንኳን ደህና መጡ» ባነር የተጻፈ ነገር የለም። ነባሩ ከያዘው ላይ ይለቃል፣ አዲሱ ይይዛል።

እኛ ጋ አዲሷን እኅት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያናግራት «ነጠላሽን አስተካክይ» የሚላት ሰው ነው። የነጠላው ሥርዓት ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ በቦታው ያስፈልጋል። ነገር ግን ስሟን ሳይጠይቅ ትከሻዋን ያየ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ባያገኛት አይገረም። ሌላው የተለመደ ስሕተት «አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠያቂው በቅንነት ይጠይቃል፤ በዚህ ዘመን የሚሰማው ሰው ግን ከጀርባው ሌላ ጥያቄ ይፈልጋል። «ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» ይበሉ። መልሱ ብሎክ ቁጥር ይሆናል፤ ምናልባትም የእርስዎ ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው እርምጃ አንድ ነው፦ ከካህን ጋር ማገናኘት። ቅዳሴ ሲያበቃ አብረውት ይሂዱና «አባ፣ እኚህ አዲስ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸውን ጸበል ቢረጩላቸው» ይበሉ። ካህኑ አንድ ጊዜ ቤት ከገቡ ሌላው ራሱ ይከተላል። ሰውየው የንስሐ አባት መቀየር ቢፈልግ ለቀድሞው አባቱ ነግሮ፣ ተሰናብቶ፣ ምርቃታቸውን ተቀብሎ እንዲመጣ ይምከሩት። አያጣድፉት፤ የሠላሳ ዓመት አባትና ልጅነት በአንድ ሰንበት አይፈታም።

ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች ቤተ ክርስቲያናቸውን አብረው እንዲያስተዳድሩ የተደራጀ ነው። ብዙ ሰው ግን ስሙን በደንብ የሚሰማው ለቀብር ቦታ የአባልነት ካርድ ሲጠየቅ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ውዝፍ ሲቆጠርበት አይቻለሁ፤ አያምርም። ምዝገባውን አስቀድመው ይንገሩት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ትውውቅ ስለ ገንዘብ አይሁን።

ሰውን አጥቢያ ውስጥ የሚያስቀረው ተረኛ መሆን ነው። አባቶቻችን ይህን በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር አውቀውበታል። በሚካኤል 12፣ በማርያም 21፣ በመድኃኔ ዓለም 27 የሚሰበሰበው ማኅበርተኛ ዳቦና ጠላውን ቀምሶ ሲጨርስ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ በካህኑ ፊት ይተላለፋል። ጽዋውን የተረከበ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንግዳ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር ሁሉም እሱ ቤት ይመጣል፣ እሱም ሁሉንም ይጠብቃል። «ይምጡና አብረውን ይቀመጡ» ማለት ጥሩ ነው፤ «መጋቢት የእርስዎ ነው» የሚለው ግን ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ድግሱ ገዝፏል። ዳቦና ጠላ የነበረው ዶሮና ለስላሳ እየጨመረ በመሄዱ ኪራይ ከፋዩ ወጣት ተራውን ፈርቶ ማኅበሩን ይሸሻል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ነባሮቹ ራሳቸው ቀለል አድርገው ቢደግሱ፣ ወይም ሁለት ቤት አንድ ተራ እንዲካፈል ቢፈቅዱ፣ ማኅበሩ ምንም አይጎድልበትም። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ይህን በግልጽ ቢያውጁት ይመረጣል፤ በሹክሹክታ የተፈቀደ ነገር ያሳፍራል።

በአሜሪካ ከተሞች ያሉ አጥቢያዎቻችን በአንድ ነገር ይቀድሙናል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አብሮ መብላት አለ፤ በቅርቡ የገባው ሰው ክፍል የሚያከራይና ሥራ የሚጠቁም የሚያገኘው ከዚያ ገበታ ነው። ሳህን ያጠበ ስሙ ይታወቃል። ኩሽናው የሚያግዝ ሰው አያጣም፤ እዚህ ግን ለንግሥ ቀን ግቢ የሚጠርግ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሁልጊዜ ይጠፋል።

አዲስ ሰው የሚቀበል ሰው ሲመርጡ የአጥቢያውን ታሪክ ከልደቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ነባር ይተውት። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣችውን ይጠይቁ። የሰበካ ጉባኤው ቢሮ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የትኛው ካህን ስልክ እንደሚያነሱ፣ የሕፃናቱ ትምህርት በየትኛው አዳራሽ እንደሆነ በቅርቡ ራሷ ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት።