አሰብ ላይ ነዳጅ እናጣራ ነበር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ስለ አሰብ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ወደቡን ነው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ወሬውን ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ይመልሱታል።

አዛውንቱ፦ ሥራዬ ስለነበር ብቻ አይደለም ልጄ። ወደቡ ዕቃ ያሳልፋል፤ ማጣሪያው ግን ዕውቀት የሚጠይቅ ኢንዱስትሪ ነበር። ለብዙ ዓመታት በዚህ አገር የሚነዳው መኪና ቤንዚንና ናፍጣውን በአብዛኛው ያገኘው ከዚያ ነው። ይህን የዕድሜ እኩዮችሽ አያውቁትም፤ እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ከሥሩ ይንገሩኝ።

አዛውንቱ፦ ከሥሩ ካልሽማ፣ የዛሬዋን አሰብ ያስጀመራትም ኩባንያ ነው። የስዌዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ሩባቲኖ የሚባል የጣሊያን የመርከብ ድርጅት ሳፔቶ በሚባል ወኪሉ አማካይነት የባሕር ዳርቻውን ከአፋር ባላባቶች ለመግዛት ተዋዋለ። እ.ኤ.አ. በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከድርጅቱ ተረከበው። በወረራው ዘመን ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተሠራ። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቦቴ የሚወጣበት መንገድ ባይኖር ኖሮ ማንም እዚያ በረሃ ላይ ማጣሪያ አይተክልም።

ወጣቷ፦ የተከሉት ሶቪየቶች ናቸው ይባላል። ጃንሆይ ግን የአሜሪካ ወዳጅ አልነበሩም?

አዛውንቱ፦ ነበሩ። አስመራ ላይ ቃኘው የሚባል የአሜሪካኖች የጦር መገናኛ ጣቢያ ነበር። ሆኖም በ1951 ዓ.ም. ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር አስፈቀዱ፤ በያኔው ምንዛሪ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ገንዘብ ሳይነካ ቀረ፤ ማጣሪያው ግን የዚያ ስምምነት ፍሬ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም ከዚያው ወዳጅነት የተገኘ ነው። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ድፍድፍ እንዲያጣራ ነበር የተሠራው፤ ዓቅሙ ከጊዜ በኋላ ከፍ ተደርጓል።

ወጣቷ፦ ውስጡ ምን ይመስል ነበር?

አዛውንቱ፦ አረቄ ሲወጣ አይተሻል? ነገሩ ያው ነው፤ ማፍላትና እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መቀበል። ድፍድፉ ከመርከብ በቧንቧ ወደ ጋኖቹ ይገባል። ጨውና ውኃው ከወጣለት በኋላ በምድጃው ውስጥ እያለፈ እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ ከዚያ ወደ ማማው ይለቀቃል። ቀላሉ ጋዝና ቤንዚን ከላይ ይወጣል፣ ላምባ ከመካከል፣ ናፍጣ ከእሱ ዝቅ ብሎ፤ ጥቁሩና ወፍራሙ ከሥር ይቀራል። ተረኛው በየሰዓቱ መለኪያዎቹን እየዞረ ያነብባል፣ ይመዘግባል። ናሙና በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ላምባው ወደ ቢጫ ካደላ ማማው ላይ አንድ ነገር እንደተዛባ ቀለሙን አይተሽ ትጠረጥሪያለሽ። ይህን ሁሉ የምታደርጊው በአሰብ ሙቀት ነው። በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የብረት መወጣጫውን ያለ ጓንት አትይዥውም።

ወጣቷ፦ ማጣሪያ እያለን ታዲያ በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ለምን አናወጠን?

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ማጣሪያ መኖር ነዳጅ መኖር አይደለም። ድፍድፉን ከውጭ በዶላር እንገዛው ነበር። የዐረብ አገሮች ዋጋውን ሲያንሩት የእኛም ቤንዚን አብሮ ናረ። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ወታደሮችም የየራሳቸውን ጥያቄ አንሥተው ነበር። ከወራት በኋላ ዘውዱ ወደቀ። በነዳጅ ብቻ ወደቀ አልልሽም፤ ነዳጁ ግን ከለኳሾቹ አንዱ ነበር።

ወጣቷ፦ በደርግ ጊዜስ?

አዛውንቱ፦ ድፍድፉን ከሶቪየት በቀለለ ውል እናገኝ ነበርና ማጣሪያው ተንፈስ አለ። ግን አንድ ጉድለት ከመጀመሪያው አብሮት ነበር። ቀላል ማጣሪያ ስለሆነ ከሥር የሚቀረው ጥቁር ነዳጅ ብዙ ነው፤ አገሪቱ ደግሞ በይበልጥ የምትፈልገው ናፍጣ ነው። ስለዚህ የተረፈውን ጥቁር ነዳጅ ወደ ውጭ እንልክ፣ የጎደለውን እናስገባ ነበር። ወፍራሙን ሰንጥቆ ናፍጣ የሚያደርግ ክፍል ቢጨመርለት ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከተያዘች በኋላ ደግሞ አገሪቱ በሙሉ በአሰብ ላይ ወደቀች፤ ግንቦት 1983 አሰብም ተያዘች።

ወጣቷ፦ እና ያን ጊዜ ተዘጋ?

አዛውንቱ፦ አልተዘጋም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ ማጣሪያው የእሷ ሆነ፤ ዋናው ገበያው ግን ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ዘጉት። አርጅቶ ነበር፤ የተጣራ ነዳጅ ገዝቶ ማስገባት እዚያ ከማጣራት ረከሰ። የሁለቱ አገሮች ጦርነት የመጣው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ነው፤ ማጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው። ጦርነቱ የዘጋው የከተማዋን ሕይወት ነው። ቦቴ የለ፣ መርከብ የለ፤ በየሰፈሩ የነበረው አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ታስገባለች።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነ መዘጋቱ ትክክል ነበር ይላሉ?

አዛውንቱ፦ በሒሳብ ትክክል ነበር። የሚያሳዝነኝ ብረቱ አይደለም፤ ብረት ያረጃል። የሚያሳዝነኝ ኦፕሬተሩ፣ ላቦራንቱ፣ ብየዳ ሠራተኛው በየፊናው መበተኑ ነው። አንድ ሰው ማማ አጠገብ ቆሞ በድምፁ ብቻ ፓምፕ መበላሸቱን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ያን ሰው ሰብስቦ «የምታውቀውን አስተምር» ያለው አልነበረም።

ወጣቷ፦ እኔ ኬሚካል ምሕንድስና ስማር ስለ አሰብ አንድ ቃል አልሰማሁም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ሥራው ያንቺና የጓደኞችሽ ነው። አሰብ የሠሩ ሰዎች ዛሬም አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ አሉ፤ ግን አርጅተዋል። ድምፅ መቅጃ ይዛችሁ ሂዱ። የፈረቃ መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና ወረቀት ያስቀመጠ ካለ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይስጥ። ይህን የሚያነብ የአሰብ ሠራተኛም ካለ ለልጆቹ በቃል ከመንገር አልፎ በጽሑፍ ያስቀምጥልን።