ወንድምህን አዲስ አበባ ከመውሰድህ በፊት

ልጄ፣ በሬ ሸጠህ ወንድምህን ኤምአርአይ በሚሉት ማሽን የአንጎሉን ምስል ልታስነሣው ማሰብህን ከመርሳ የመጡ ዘመዶች ነገሩኝ። በጤና ሙያ ያረጀሁ ነኝና ስማኝ።

1. በዚህ ምስል ከሚታየው ኮርቴክስ የሚሉት የአንጎል የላይኛው የተጨማደደ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ በአማካይ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢኒግማ የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት የ4,474 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ምስል ከ5,098 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የሕሙማኑ በአማካይ ሳሳ ብሎ አገኘው። ልዩነቱ የሚታየው ግን ሺዎች ሲደመሩ ነው። ኮርቴክሱ ቀጭን የሆነ ጤነኛ፣ ወፍራም የሆነ ሕመምተኛ ሞልቷል። ምስል ብቻ አይቶ ወንድምህን «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» የሚል ሐኪም የለም።

2. የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ፣ ወይም እጅ እግሩ በድንገት ከዛለ ሐኪሙ ራሱ ምስል ያዝዛል። ያን ጊዜ በሬው ይሸጥ።

3. ማሽኑም ይሳሳታል። ውስጡ ገብቶ የተቁነጠነጠ ሰው ኮርቴክሱ ከሆነው በላይ ቀጥኖ ይታያል፤ እንኳን የታመመ ጤነኛውም እዚያ ውስጥ ጸጥ ብሎ መተኛት ይቸግረዋል። ደግሞ ለምርምር የተሰበሰበው ምስል አብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ተመራማሪ አገራችሁ ሀብሩ ድረስ መጥቶ ምስል ላንሣችሁ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ዓላማውን ጠይቁና ራሳችሁ ወስኑ።

4. ይህንን ከሁሉ አጥብቀህ ያዝ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ቡታጅራ በተባለ አካባቢ ቤት ለቤት እየተዞረ 68,378 ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ተጠየቀ። ማሽን አልነበረም፤ ጥያቄና ትዕግሥት ብቻ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። የታመመ ሰው ሲያተኩሰው «ያው አመሉ ነው» ተብሎ ይታለፋላ! ሀብሩ ንዳድ የማያጣው አገር ነው። ወንድምህ ሲንቀጠቀጥ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ሲያስለው አክታው ይመርመር። ራሱን ስለማጥፋት ካወራም እንደ ዛቻ አትቁጠረው፣ ብቻውንም አትተወው።

5. ጠበሉን እናታችሁ አትተውም፣ አትተውም። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን በጠበሉ ሰሞን እንዳያቋርጥ አንተ ጠብቅ፤ ስለዚሁ ካህኑንም ለብቻው አነጋግረው።

6. ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ የወንድምህ ክኒን እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄደህ አምጣ።