ለአስታማሚዋ እናት

ልጄ፣ ልጅሽ ሐኪሞች አሉት፤ ይህን የምጽፈው ለአንቺ ለአስታማሚዋ ነው። ኦክላንድ 52ኛው መንገድ ላይ ባለው የሕፃናት ሆስፒታል የሚያድሩ፣ ከሳን ሆዜ ፓሎ አልቶ ድረስ ለኬሞ የሚመላለሱ እናቶቻችንን አይቻለሁ። ከድካሙ ይልቅ ያደቀቃቸው መደበቁ ነው።

1. በሽታውን በስሙ ጥሪው። ካንሰርን «ያ በሽታ» እያልን አድገናል፤ ስሙን መጥራት የሚጠራው ይመስለን ነበር። የዓይን ፍርሃቱም፣ «ምን ይሉኛል» ማለቱም ይገባኛል። ግን ሕክምናው ሁለት ዓመት አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ እየደበቁ ማስታመም ሁለት ሸክም ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ዓይነት እዚህ አሜሪካ ከያዛቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በሉኪሚያ ሲያርፍ ኀዘናቸውን ቤታቸው አልዘጉበትም፤ በስሙ የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ። ከአንቺ ይህን ያህል አልጠይቅም። ለሦስት ሰው ብቻ እውነቱን ንገሪ።

2. ብርታት ትምህርት ነው። «በርቺ፣ አታልቅሺ» የሚሉሽ ወደውሽ ነው፤ አንቺ ግን አልቅሺ። የሲያትል ሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ለታማሚ ልጆች ወላጆች አራት ነገር አስተማሩ፦ ጭንቀትን ማርገብ፣ ትንሽ ግብ ማውጣት፣ ክፉ ሐሳብን መርምሮ ማቅናት፣ ከመከራው ውስጥ ትርጉም መፈለግ። ለየብቻቸው የተማሩት ብርታታቸው ጨመረ። አንቺም ትንሹን ግብ ያዢ፤ ለዛሬ ገላሽን መታጠብ ይበቃል። ዴክሳሜታሶን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቶ ሽሮ በእንጀራ ይጠይቅሻል፣ ስታቀርቢለት ይገፋዋል፣ ይጮኽብሻል። መድኃኒቱ ነው። «እኔ ክፉ እናት ነኝ» የሚለውን ሐሳብ ያኔ መርምሪው።

3. ታላቅ እኅቱን አስተርጓሚ አታድርጊ። ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ «አማርኛ» ብለሽ ጠይቂ። ደግሞ ከእርሱ ጋር ስለተጣላች የታመመ እንዳይመስላት፣ ጥፋቷ እንዳልሆነ በአፍሽ ንገሪያት።

4. ጠያቂን አታባርሪ፣ ሥራ ስጪው። የኛ ሰው ታማሚን ሳይጠይቅ አያድርም፤ ነጭ የደም ሴሉ በወረደበት ሳምንት ግን ክፍሉ ሰው ሊሞላበት አይገባም። ስለዚህ አንዲት ዘመድ ስልኩን ሁሉ ትቀበልልሽ። አንዱ ከቴሌግራፍ ጎዳና ምሳ ይዞ ሆስፒታሉ በር ድረስ ይምጣ፣ አንዱ ልብስ ይጠብልሽ፣ አንዷ ታላቋን ከትምህርት ቤት ታምጣልሽ። አንዷ ቅዳሜ ሌሊት ቤት መጥታ ከልጁ ጋር ትሁንና ተኚ፤ ትኩሳት ቢነሣ የሚደወልበትን ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊላት። ጠያቂ ጸበል ቢያመጣልሽም፣ ያልፈላ ጸበል ለእንዲህ ያለ ልጅ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፤ ከማስጠመቅሽ ወይም ከማስጠጣትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ለነፍስ አባትሽም ንገሪ፤ በመስቀልና በጸሎት ይባርኩታል። ስለ ጾሙም ጠይቂያቸው፤ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለራስሽም።

5. ባልሽ ዝም ያለው ስላልተሰማው አይደለም። ማስታመሙን እንዲካፈልሽ ዕድል ስጪው፤ ከደመወዙ ኤስዲአይ የሚባለው መዋጮ የሚቆረጥበት ከሆነ፣ ልጁን ለማስታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 8 ሳምንት የሚከፈልበት የካሊፎርኒያ ፈቃድ አለው፤ በአንድ ጊዜ እንዲጨርሰው አይገደድም። አንቺም የምትሠሪ ከሆነ እንዲሁ። ተፈራረቁበት። ኡበር የሚነዳ ከሆነ ግን ይህ በአብዛኛው አይደርሰውም፤ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ሌላ ምን እርዳታ እንዳለ ጠይቂያት፣ ሲሲኤስ የሚባለው የካሊፎርኒያ የሕፃናት ሕክምና ድጋፍ ይመለከታችሁ እንደሆነም አብራ ታይላችሁ። አፍሮ ዝም ማለት የልጁን ገንዘብ መተው ነው።

6. ሕክምናው ሲያልቅ ብትወድቂ አትደንግጪ። ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ ሩጫው ሲቆም፣ ሰውነትሽ የታገሠውን ሁሉ ያወጣዋል። የደም ምርመራ ቀን በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሽ እንደሆነ አንቺም ገና መታከም አለብሽ ማለት ነው፤ ካውንስለር ዘንድ ቀጠሮ ያዢ፣ አታቋርጪውም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀንም ሌሊትም 988 ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከዚያ ለእኔ ደውይ፣ ሰዓት አትምረጪ።